ይጠቅም ይሆናል

ጋራዥ ሲሠራ የታሰበው ለመኪና ነበር። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ቪላ ያሠራ ሰው፣ መኪና ያለውም ሆነ ወደፊት ለመግዛት የሚመኘው፣ ከግቢው በር ገባ ብሎ ባለ ሁለት ተከፋች የብረት በር ያለው ክፍል ማስገንባቱን አይረሳም። ዛሬ በእነዚያ ክፍሎች ውስጥ ከምንም በላይ የሚጠፋው ነገር መኪና ነው። አንዱ ወደ መንገድ በር ተበጅቶለት ሱቅ ሆኗል፤ ሌላው ጸጉር ቤት፣ ሌላው ልብስ ስፌት፣ ሌላው እንጀራ መጋገሪያ። በቪዲዮ ቤት ዘመን ብዙ የሰፈር ልጅ ብሩስ ሊን የተዋወቀው ሰው ጋራዥ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ ነው። መኪናው ራሱ ሸራ ለብሶ ግቢው ውስጥ ዝናብ ይመታዋል፤ ካልሆነም ውጭ ያድርና ለጥበቃ በየወሩ ይከፈልለታል።

ለኪራይ ያልወጣ ጋራዥ ደግሞ ከዚህ የከበደ ኃላፊነት አለበት። ቤተሰቡ ሊወስንበት ያልደፈረው ዕቃ ሁሉ ማደሪያ ነው። ይጣል ማለት ያስወቅሳል። ይሸጥ ቢባል ገንዘቡ ያጣላል። ይሰጥ ቢባል «ለማን?» የሚለው ጥያቄ ዘመድ ከዘመድ ያኳርፋል። ስለዚህ ሁሉም ያለ ክርክር የሚቀበለው አንድ ውሳኔ ብቻ ይቀራል፤ «ለጊዜው ጋራዥ ይግባ።» የገባውን ማንም እንዳያወጣው የሚጠብቅ ደግሞ ደመወዝ የማይከፈለው ዘበኛ አለ። ስሙ «ይጠቅም ይሆናል» ይባላል።

እኔ የእኛን ጋራዥ የፈለግሁት ለእንጨት ሥራ ነው። በሙያዬ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ሲደምር የዋለ እጅ ማታ መላጊያና መሮ ካልጨበጠ እንቅልፍ አይወስደውም። ሥራዬን የምሠራው በረንዳ ላይ ነበር። ሰጋቱራው ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ማድ ቤት ይዘልቃል። ባለቤቴ አንድ ምሽት ሽሮውን በማንኪያ አንስታ ወደ መብራቱ አስጠግታ ካየችው በኋላ፣ «ዛሬ ምን ዓይነት እንጨት ነው የበላነው?» አለችኝ። ዋንዛ መሆኑን ነገርኳት። በቃ፣ ከበረንዳው የመባረሬ ደብዳቤ ያን ዕለት ተጻፈ። እውነቷን ነው ደግሞ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት አቧራን ሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ብሎ ከመደባቸው ነገሮች አንዱ አድርጎታል፤ በተለይ አፍንጫ ውስጥ። እንዲህ ያለ ነገር ራት ላይ መቅረብ የለበትም።

ጋራዡን ማጽዳት ግን በመጥረጊያ አይጀመርም፤ በሽምግልና ነው የሚጀመረው። ክፍሉ የማን እንደሆነ ከመነካቱ በፊት ማንም አያውቅም። ሲነካ ባለቤቱ ይበዛል። መጀመሪያ የተነሡት እማዬ ናቸው። «አባታችሁ ያሠራው ጋራዥ ምን አደረገህ?» አሉኝ። ባለቤቴ ደግሞ ከጸዳ አይቀር ሰርቪስ አድርገን እናከራየው የሚል ሐሳብ አመጣች። ከእኔ ጎን የቆመው ኮምፒዩተር የሚማረው የእህቴ ልጅ ብቻ ነበር፤ እሱም ለእኔ አዝኖ ሳይሆን ክፍሉ ላይ ዓይኑን ጥሎ ነው።

«እማማ፣ አሜሪካ ውስጥ እኮ ትልልቅ ኩባንያዎች የተጀመሩት ጋራዥ ውስጥ ነው» አላቸው። ከዚያ ስለ ሂውሌትና ፓካርድ አወራ። ሁለቱ ጓደኛሞች ፓሎ አልቶ ከተማ አዲሰን ጎዳና ላይ፣ ከተከራዩት ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ የእንጨት ጋራዥ ውስጥ፣ በ538 ዶላር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1939 ኩባንያ አቋቋሙ። ድምፅ መሞከሪያ መሣሪያቸውን ዋልት ዲዝኒ ገዛቸው። ካሊፎርኒያ ያቺን ጋራዥ የሲሊከን ቫሊ የትውልድ ቦታ ብላ በታሪካዊ ቅርስነት መዝግባታለች። እማዬ በጸጥታ ሰሙት። ከዚያ፣ «እነሱ ጋራዥ ውስጥ ጋን አልነበረማ» አሉ።

ልክ ናቸው። እኛ ጋራዥ ውስጥ ጋን ነበረ። ታላቅ እህቴ ስትዳር ጠላ ተጠምቆበታል፤ ከዚያ ወዲህ ባዶውን አፉን ከፍቶ የሚቀጥለውን ሠርግ ይጠብቃል። ልጁ ስለ አፕልም ሊያወራ ፈልጎ ነበር፤ እኔ ዝም አሰኘሁት። የአፕል አንዱ መሥራች ስቲቭ ዎዝኒያክ ራሱ የጋራዡ ታሪክ ተጋኗል፣ ዋናው ሥራ እዚያ አልተሠራም ብሎ ተናግሯል። ይህን እማዬ ቢሰሙ ጉዳዩ ያን ዕለት ይዘጋ ነበር።

እንዲያም ሆኖ አንድ ቅዳሜ በሩ ተከፈተ። የጥንት ነገር የሚቆፍሩ ሰዎች አፈሩን ንብርብር በንብርብር በብሩሽ እየጠረጉ ነው የሚወርዱት፤ እኛም ከዚያ የተለየ ነገር አላደረግንም። ላይኛው ንብርብር የቅርብ ዘመን ነው፤ ባዶ ቢጫ ጄሪካኖች፣ በኮሮና ጊዜ በር ላይ ቆሞ የነበረው ባለ ቧንቧ የእጅ መታጠቢያ በርሜል። ከእሱ ሥር የሳተላይት ዲሽ፣ በካርቶን የታጨቀ የቪዲዮ ካሴት፣ ሁለት ሺህ ሲገባ የተለበሰ የሚሊኒየም ካናቴራ። ትንሽ ወረድ ሲባል ሐምሌ 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ይገኛል፤ ጥቁር ሰሌዳው ከነፋኖሱ። እናቴ ጎረቤቶቻችንን በዚያ ሰሌዳ ፊደል አስቆጥረዋል። የኅብረት ሱቅ ካርዱም አለ፤ በላዩ ላይ ያልተወሰደ ስኳር ተጽፎበታል። እማዬ ይህን ሲያዩ ተቆጡ፤ ስኳሩን ዛሬም ያስታውሱታል።

ከዚያ በታች ሶፋ ነው። ባለ እንጨት እጀታ፣ ቀይ ከፈይ የለበሰ፣ ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ የአክስቴ ሶፋ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ አክስቴ ሁለተኛውን ቤት ለመንግሥት አስረከበች። አዋጁ ቤቱን እንጂ ሶፋውን አልወረሰም። ሶፋው ታዲያ የት ይሂድ? «ለጊዜው» ወደ እኛ ጋራዥ መጣ። ቤቱ ይመለሳል ተብሎ ሲጠበቅ መንግሥት ተለወጠ፤ መንግሥት ሲለወጥ ቤቱ አልተመለሰም። አክስቴ አረፈች። ሶፋው ግን አሁንም ቤቱን እየጠበቀ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ላይ እጅ ማንሣት አናጢ ነኝ ለሚል ሰው እንኳ ይከብዳል።

የመጨረሻው ግኝት ከሁሉም ይበልጣል። ከግድግዳው ጋር የተደገፈ፣ ፊቱን ያዞረ፣ በጆንያ የተሸፈነ ባለ መስተዋት ፎቶ አገኘን። ገልብጠን ስናየው ጃንሆይ ናቸው። ከእሳቸው ኋላ ሌላ ፎቶ አለ፤ ሊቀመንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም፣ እሳቸውም ወደ ግድግዳው ዞረው። ሁለቱ እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ጀርባና ሆድ ተጣብቀው ስንት ክረምት እንዳሳለፉ ማን ያውቃል። «እማዬ፣ ሁለቱንም ለምን አስቀመጡ?» ብዬ ብጠይቃቸው ወደ በሩ ዞር ብለው ሰው አለመኖሩን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ማን ያውቃል» አሉ። ይጠቅም ይሆናል የሚባለው ዘበኛ ለጄሪካን ብቻ የተቀጠረ አልነበረም ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ መሀል የቆመችው ቮልስ ነች። ወንድም ጋሼ ዲቪ ደርሶት ሲሄድ፣ «ቶሎ እመለሳለሁ፤ ጎማዋን አውልቃችሁ ብሎኬት ላይ አቁሟት» ብሎ አደራ ሰጥቶን ነበር። ዛሬ ቨርጂኒያ ነው። የዚህች መኪና የመጨረሻዋ እህት በ1995 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ስትወጣ የእኛዋ ብሎኬት ላይ ነበረች። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተው አንዷ የእኛን ጋራዥ ይዛ መቅረቷ ዕድል ነው የሚባለው።

በዋትስአፕ ደወልኩለት። «ጋራዡን ማጽዳታችሁ ጥሩ ነው» አለ ወንድም ጋሼ፤ «ቮልሷን ግን እንዳትነኳት። መንግሥት በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ እሷ ቅርስ ሆናለች።» የ2016ቱን ክልከላ ከእኛ በላይ ይከታተላል። እኔም የእሱ ጋራዥ እንዴት እንደሆነ ጠየቅሁት። ዝም አለ። ከኋላው ባለቤቱ ስትስቅ ተሰማኝ። ቤቱን የገዙት ሁለት መኪና የሚያስገባ ጋራዥ ስላለው ነው፤ ሁለቱም መኪኖች ግን ውጭ በረዶ ይወርድባቸዋል። ውስጡ በምን እንደተሞላ ስጠይቃት፣ «ለእናንተ በሚላክ ልብስ ነዋ!» አለች። እንግዲህ እኛ የእሱን መኪና እንጠብቃለን፤ እሱ የእኛን ካፖርት ይጠብቃል።

ይህ የቤተሰባችን በሽታ ብቻ አይደለም። የዩሲኤልኤ ተመራማሪዎች ሎስ አንጀለስ ውስጥ የ32 ቤተሰቦችን ቤት ዕቃ በዕቃ ሲያጠኑ ከአራቱ ጋራዥ ሦስቱ መኪና የማይገባባቸው ሆነው አግኝተዋቸዋል። ሰው በየአገሩ ውድ የሆነውን መኪና ፀሐይ ላይ አቁሞ ርካሹን ካርቶን ከጣራ ሥር ያሳድራል።

ቮልሷ በመጨረሻ ወጣች። የሶማሌ ተራ ልጆች ጎማ ፈልገው አመጡላት፤ የሰፈሩ ወጣት ተሰብስቦ እየጮኸ ገፋት፤ አሁን ኮክ ዛፉ ሥር ሸራ ለብሳ ቆማለች። ወንድም ጋሼ በቪዲዮ ሲያያት ብዙ ዝም አለና «ስፖኪዮዋ የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀ።

ዕድሩ ሌላ ጉዳይ ነው። የድንኳኑ ብረቶች፣ አግዳሚዎቹና ሁለቱ ትልልቅ ብረት ድስቶች እኛ ጋራዥ ውስጥ ይቀመጡ ነበር። እንዲያነሡልን የዕድራችንን ዳኛ ብጠይቃቸው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከል አድርገው፣ «ልጄ፣ ሰው ሌሊት ቢሞት ድንኳኑን ከየት እናውጣ?» አሉኝ። ለዚህ መልስ የለም። ስለ ሥራ ቦታ ንጽሕና ብዙ የሚባል ነገር አለ፤ ሞትን የሚረታ ክርክር ግን አልተገኘም። ስለዚህ የዕድሩ ዕቃ በግራ በኩል ካለው ግድግዳ ጋር ቀረ። የመጀመሪያው የእጅ ሥራዬም ለእሱ የሚሆን መደርደሪያ ሆነ።

ከቀረው ዕቃ ብዙውን የወሰደው ቆራሌው ነው። ስለ ቆራሌ አንድ ነገር ልናገር፤ ከተማው ውስጥ እንደሱ ያለ ዋጋ ገማች የለም። ዕቃውን በእጁ አያነሣም። በጫማው ጫፍ ነካ ያደርገዋል፤ ከዚያ ወደ ሰማይ ያያል፤ ከዚያ ዋጋ ይጠራል። ባለ ጀርባ ቴሌቪዥናችንን በእግሩ ነክቶ፣ «ይሄን አንወስድም ጋሼ» ብሎ አለፈው። እኔ ራሴን የተናቅሁ ያህል ተሰማኝ። እማዬ ደግሞ ገና ቆራሌው ከመምጣቱ በፊት እንዲጣል የፈቀዱትን የከሰል ካውያ ዋጋ ሲጠራበት ሰምተው ተናደዱ። «በዚህ ካውያ እኮ የባለቤቴን የሠርግ ሱፍ ተኩሼበታለሁ!» አሉት። ቆራሌው ዋጋውን ጨመረ። እማዬ ካውያውን ይዘው ገቡ። ቆራሌው ገንዘቡን ወደ ኪሱ እየመለሰ እኔን በሐዘኔታ አየኝ፤ ብዙ ጋራዥ አይቶ የሚያውቅ ሰው አስተያየት ነበር።

ያረጀውን ሽቦ አልጋ ግን ወስዶታል። ቆየት ብዬ ለሥራ ጠረጴዛዬ እግር የሚሆን ብረት ፍለጋ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። ምናለሽ ተራ ላይ የከተማው ትርፍራፊ ቆርቆሮ ምድጃ፣ በርሜሉ ባልዲ፣ ብረቱ ማንኛውም ነገር ይሆናል። የሚስማማኝን ብረት መርጬ ከፍዬ ቤት ካመጣሁት በኋላ ባለቤቴ ጫፉ ላይ የቀረውን ሰማያዊ ቀለም አይታ፣ «ይሄ አልጋችን አይደለም?» አለች። አልጋችን ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። ከሆነ ግን በሽያጩና በግዢው መሀል ያለው የዋጋ ልዩነት ለሒሳብ ሰው የሚነገር አይደለም።

ጋራዡ ባዶ ሲሆን ሌላ ዓይነት ሰው መምጣት ጀመረ፤ ባለሙያ። ባለሙያ ሁሉ፣ ግንበኛም ሆነ ኤሌክትሪሺያን፣ ሥራውን የሚጀምረው በአንድ ጥያቄ ነው፤ «ይህን ማን ነው የሠራው?» የእኛ መልስ ደግሞ፣ «አባቴ፤ ነፍሳቸውን ይማረውና» የሚል ስለሆነ ክርክሩ ወዲያው ይለዝባል። ኤሌክትሪሺያኑ አሮጌውን ሶኬት ፈትቶ ውስጡን ሲያይ ሊናገር የነበረውን እማዬን አይቶ ዋጠው። ሽቦው ለአንድ አምፖል ተብሎ የተዘረጋ ነው። 1500 ዋት የሚወስድ መጋዝ በ220 ቮልት መስመር ላይ ሰባት አምፔር ገደማ ይጎትታል፤ ያን ቀጭን ሽቦ ደግሞ እንዲህ ያለ ጭነት ያሞቀዋል፣ ከሙቀት እስከ እሳት ያለው መንገድ በሰጋቱራ የተነጠፈ ነው። ስለዚህ ከቆጣሪው አዲስ መስመር ከነምድሩ ተጎተተ፣ ለብቻው ብሬከር ተደረገለት። እዚህ ላይ ገንዘብ ለመቆጠብ የሚያስብ ሰው ካለ ገንዘቡን ከቀለሙ ይቀንስ።

ስለ ቀለም ካነሣን፣ ብዙ ሰው ጋራዥ ሲያድስ የሚጀምረው በእሱ ነው። የእኛ ግድግዳ ከታች በኩል እስከ ጉልበት ድረስ ይላላጥ ነበር፤ በላዩም ነጭ ጨው ይወጣበታል። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያለ ባለ ሱቅ ኳርትዝ ቀለም ሁሉን ይሸፍናል ብሎ መከረኝ። ግንበኛው ግን ግድግዳውን በጥፍሩ ቧጨር አደረገ፣ ወጥቶ ከውጭ ዞሮ አየውና፣ «የታመመው ውስጡ አይደለም፤ ውጩ ነው» አለ። ለዘመናት የአትክልት አፈር ከውጭ ግድግዳው ላይ ሲቆለል ከወለላችን በላይ ከፍ ብሏል፤ አሸንዳው ተቀዶ የጣሪያውን ውሃ ሁሉ እዚያው ላይ ይደፋዋል። አዲስ አበባ ላይ በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር የበለጠ ይዘንባል፤ ከዚያ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ክረምቱ ነው። ያ ውሃ በብሎኬቱ ውስጥ ወደ ላይ እየተሳበ ሲደርቅ ጨውን ትቶ ይሄዳል፤ ጨውም ቀለሙን ከውስጥ ይገፋዋል። እንዲህ ያለ ግድግዳ ምን ዓይነት ቀለም ቢቀባ ክረምት ሲመጣ ቆዳውን ያወልቃል። አፈሩ ተቆፍሮ ዝቅ አለ፣ ውሃ መሄጃ ተበጀ፣ አሸንዳው ተለወጠ። ግድግዳው እስኪደርቅ ማንም እንዳይቀባው ግንበኛው አስጠነቀቀ። በመጠበቅ የሚሠራ ሥራ ደግሞ ከሁሉ ከባድ ነው፤ የሚያልፍ የሚያገድም ሁሉ፣ «ምነው ቆመ? ገንዘብ አለቀ?» ይላል።

ወለሉ ቮልሷ ስታንጠባጥብ የኖረችውን ዘይት ጠጥቷል። ዘይት የጠጣ ኮንክሪት አዲስ ሲሚንቶ አይቀበልም፤ ከላዩ ላይ ቢለሰንም ቆይቶ እንደ ቂጣ ይነሣል። ሰጋቱራ ነሰነስንበት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰጋቱራዬ በቤቱ ውስጥ ተመሰገነ። የቻለውን ያህል መጠጠ፤ በሙቅ ውሃና በኦሞ ታጠበ፤ ያልለቀቀው ቦታ በመሮና በመዶሻ ተፈለፈለ። ከዚያ ነው ሊሾው የተሠራው። ሊሾ በተሠራ ማግስት መራገጥ የሚወድ ዘመድ አይጠፋም፤ እርጥብ ጆንያ ለብሶ ለሳምንት ያህል ውሃ እየጠጣ መተኛት እንዳለበት፣ ሲሚንቶ ጥንካሬው የሚለካውም በ28 ቀኑ እንደሆነ ማስረዳት የእኔ ሥራ ነበር። ለእማዬ ይህ ወዲያው ገባቸው። «አራስ ነው በሉኛ» አሉና በሩ ላይ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ማንም አልረገጠውም።

ብርሃኑን ከሰማይ አመጣነው። መስኮት ለመክፈት ግድግዳ ከማፍረስ ከጣሪያው ሁለት ቅጠል ቆርቆሮ ተነሥቶ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ተተካ፤ አቧራው እንዲወጣም ከላይ በሁለቱ ወገን ፊት ለፊት ቀዳዳ ተበጀ። ከጠቅላላው እድሳት ርካሹ ይህ ነበር፤ ክፍሉን ክፍል ያደረገውም ይኸው ነው።

የብረት በሩ አንቲ ረስት ተቀብቶ ሲከፈት መንገደኛው ሁሉ ገባ። አንዲት ልጅ የሞባይል ካርድ ጠየቀችኝ። አንዲት እናት፣ «እንጀራ መቼ ነው የምትጀምሩት?» አሉ። የሰፈራችን ወጣት ጸጉር ቤት ከሆነ እሱ መቁረጥ እንደሚችል ነገረኝ። ሁለት ሰዎችም ግንባታ መሆኑን ለማጣራት መጡ፤ ቀለም መሆኑን አይተው ሲሄዱ አንደኛው ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲህ ያለ መደርደሪያ ለቤቱ ብሠራለት ስንት እንደማስከፍለው ጠየቀኝ። ጋራዥ ተከፍቶ ምንም የማይሸጥበት ነገር ለአዲስ አበባ ሰው አይገባውም፤ አልፈርድበትም።

አሁን ክፍሉ ያምራል። መጋዙ፣ መላጊያው፣ መሮዎቹ ግድግዳ ላይ በየቦታቸው ተሰቅለዋል፤ ሞርሳው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ታስሯል። የእህቴ ልጅ በፀሐይ ብርሃኑ ኮምፒዩተሩን ይዞ አንዱን ጥግ ይጋራኛል፤ ኩባንያ እስካሁን አልተመሠረተም። የአክስቴ ሶፋ ከፈዩ ተለውጦ በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ እማዬ ከሰዓት በኋላ እዚያ አረፍ ብለው ሥራዬን ይቆጣጠራሉ። ጋኑም አለ። ሁለቱ ፎቶዎች የት እንደገቡ እማዬ አይናገሩም። ባለቤቴም የሰርቪሱን ጉዳይ ትታለች፤ ሽሮው ሽሮ ብቻ ስለሆነላት።

አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፤ እሱም ይህን የሚያነቡ ዘመዶቼን ይመለከታል። አናጢ ነው ሲባል የሰማ ሁሉ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ በሩ የወለቀ ቁም ሣጥን፣ መቀመጫው የተቀደደ በርጩማ እየያዘ፣ «ለጊዜው እዚህ ይቀመጥ፣ ሲመችህ ትጠግነዋለህ» እያለ መሄድ ከጀመረ ሰንብቷል። እስከ ጥምቀት ያመጣችሁትን ወንበር መጥታችሁ ውሰዱ። ከጥምቀት በኋላ ያለውን ቆራሌው ያውቃል፤ በእኛ በር የሚያልፈው ቅዳሜ ጠዋት ነው።